ያልለመዱትን ምልክት ማንበብ፤ የኤ ፒ ኤል የኮምፒዩተር ቋንቋ ታሪክና ለሒሳብ ትምህርት የሚሰጠው ግንዛቤ

መግቢያ

አዲስ ምልክት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተጻፈ ቁጥር የክፍሉ ተማሪዎች በሁለት ወገን እንደሚከፈሉ ለመምህራን የተሰወረ አይደለም። ከፊሎቹ ምልክቱ ምን እንደሚል ለማወቅ ይጓጓሉ፤ ሌሎቹ ግን ገና ትርጉሙ ሳይነገራቸው «ይህስ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ብለው ልባቸውን ይዘጋሉ። ከሒሳብ ትምህርት ጋር መለያየት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህች አጭር ቅጽበት ነው።

ስለሆነም መምህርም ሆነ የትምህርት ዕቅድ አውጪ ሊመረምረው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። የምልክት እንግድነትና የምልክት ክብደት አንድ ነገር ናቸውን? ወይስ ክብደት የምንለው አብዛኛውን ጊዜ አለመልመድ ብቻ ነው? ይህን ጥያቄ በጥሞና ለመመልከት ከኮምፒዩተር ቋንቋዎች መካከል በእንግዳ ምልክቶቹ ብዛት እጅግ የታወቀውን፣ በተጠቃሚዎቹ ቁጥር ግን አነስተኛ የሆነውን ኤ ፒ ኤል የተባለ ቋንቋ በምሳሌነት መርጠናል። ምክንያቱም ቋንቋው በመጀመሪያ የተፀነሰው ለመኪና ሳይሆን ለመማሪያ ክፍል ነበር፤ ያገኘው ስኬትም ሆነ የደረሰበት ችግር ለእኛ ሙያ ቅርብ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. የለመድናቸው ምልክቶችም እንግዶች ነበሩ

ዛሬ አንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያለ ፍርሃት የሚጽፋቸው ምልክቶች አብረውን የተወለዱ ይመስለናል። ታሪካቸው ግን ይህን አያሳይም። አልጀብራ የሚለውን ስም ያወረሰን አል ኽዋሪዝሚ በዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በባግዳድ ሲጽፍ አንድም ምልክት አልተጠቀመም፤ ቁጥሮቹን እንኳ ሳይቀር ሁሉንም በቃላት ነበር የሚገልጸው። የመደመርና የመቀነስ ምልክቶች በታተመ መጽሐፍ ላይ የታዩት በ1489 በጀርመን አገር በዮሐንስ ቪድማን የንግድ ሒሳብ መጽሐፍ ነው። የእኩል ምልክትን ደግሞ ሮበርት ሬከርድ የተባለ የዌልስ ተወላጅ ሐኪምና የሒሳብ ሰው በ1557 አወጣው። ሬከርድ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነርሱ ይበልጥ እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሊገኙ አይችሉም በማለት እንደሆነ በመጽሐፉ ገልጿል።

ይሁን እንጂ ምልክቱ ወዲያውኑ ተቀባይነት አላገኘም። ከሰማንያ ዓመት በኋላ በ1637 ታላቁ ፈረንሳዊ ደካርት የጂኦሜትሪ ሥራውን ሲያሳትም ለእኩልነት የተጠቀመው ሌላ ምልክት ነበር። በካልኩለስ ረገድም የኒውተን ነጥብና የላይብኒትዝ አጻጻፍ ለረጅም ዘመን ተፎካክረዋል። በእንግሊዝ አገር የነበሩ ሊቃውንት የኒውተንን አጻጻፍ አጥብቀው በመያዛቸው ከአህጉሩ ሊቃውንት ሥራ ርቀው ቆዩ። በ1812 ቻርልስ ባቤጅ፣ ጆን ኸርሽልና ጆርጅ ፒኮክ የተባሉ ወጣቶች በካምብሪጅ ማኅበር አቋቁመው የላይብኒትዝ አጻጻፍ በዩኒቨርሲቲው እንዲገባ ታገሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ባቤጅ ኋላ ለኮምፒዩተር መነሻ የሆኑትን የስሌት መኪናዎች ያቀደው ሰው መሆኑ በአጋጣሚ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ስለ ምልክት ያሰበ ሰው ስለ ስሌት ሥርዓትም ማሰቡ የሚጠበቅ ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። አንድ ምልክት ቀላል የሚመስለን በቅርጹ ቀላልነት ሳይሆን እርሱን ለመልመድ የደከምነውን ድካም በመርሳታችን ነው። ድካሙን የረሳ መምህር ተማሪው ለምን እንደሚቸገር ለመረዳት ያዳግተዋል።

ለ. የኬኔት አይቨርሰን ሰሌዳ

የኤ ፒ ኤል ፈጣሪ ኬኔት አይቨርሰን በ1920 በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር ተወለደ። በችግር ዘመን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ አቋርጦ በወላጆቹ እርሻ ላይ ሠርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በካናዳ አየር ኃይል ሲያገለግል የቀረውን ትምህርት በተልእኮ ተከታተለ፤ ከጦርነቱም በኋላ ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1950 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቀ። ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄዶ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1954 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለና በዚያው በረዳት ፕሮፌሰርነት ማስተማር ጀመረ።

የሚያስተምረው ትምህርት መረጃን በመኪና ማቀናበርን የሚመለከት፣ በዚያን ጊዜ ገና መጽሐፍ ያልተዘጋጀለት አዲስ ትምህርት ነበር። አይቨርሰን በሰሌዳው ላይ የስሌትን ቅደም ተከተል ለተማሪዎቹ ማስረዳት ሲጀምር የተለመደው የሒሳብ አጻጻፍ እንደማይበቃው ተገነዘበ። የተለመደው አጻጻፍ ወጥነት ይጎድለዋል፤ አንዳንዱ ምልክት ከቁጥሩ በፊት፣ አንዳንዱ በኋላ፣ አንዳንዱ ደግሞ በላይ ወይም በግራና በቀኝ ይጻፋል። ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ስም ጠቅልሎ የመያዝ ችሎታውም ውስን ነው። በመሆኑም አይቨርሰን ለማስተማሪያነት የሚያገለግል የራሱን ምልክታዊ አጻጻፍ ቀስ በቀስ አዘጋጀ።

በ1960 ከዩኒቨርሲቲው ወደ አይ ቢ ኤም ኩባንያ የምርምር ክፍል ተዛወረ። በዚያም ከአዲን ፎልኮፍ ጋር ሆኖ አጻጻፉን አሻሻለ፤ በ1962 ደግሞ ሥራውን በመጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «አንድ የፕሮግራም ቋንቋ» ማለት ሲሆን ኤ ፒ ኤል የሚለው መጠሪያ የዚሁ የእንግሊዝኛ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ነው። በዚህ ወቅት ቋንቋው በሰው እጅ የሚጻፍና በሰው ዓይን የሚነበብ እንጂ መኪና የሚፈጽመው አልነበረም። በ1964 አይ ቢ ኤም ሲስተም 360 የተባሉትን ኮምፒዩተሮች ባስተዋወቀበት ዓመት አይቨርሰን፣ ፎልኮፍና ኤድዋርድ ሳሰንጉዝ የኮምፒዩተሩን ጠቅላላ አሠራር በዚህ ምልክታዊ አጻጻፍ ገልጸው አቀረቡ። በመጨረሻም ላሪ ብሪድን፣ ዲክ ላዝዌልንና ሮጀር ሙርን የመሳሰሉ ባለሙያዎች ባደረጉት ጥረት በ1966 መጨረሻ ቋንቋው በኮምፒዩተር ላይ አገልግሎት መስጠት ጀመረ።

ሐ. የቋንቋው አገባብ

የኤ ፒ ኤል ጽሑፍ በመጀመሪያ እይታ የማይፈታ ይመስላል። ነገር ግን ጥቂት ደንቦችን ብቻ በማወቅ ማንበብ ይቻላል። ለአንባቢ እንዲመች በሚከተሉት ምሳሌዎች ውስጥ ስሞችን በአማርኛ ጽፈናል፤ ምልክቶቹ ግን የቋንቋው ናቸው። አንድ መምህር የአራት ተማሪዎችን የፈተና ውጤት መዝግቧል እንበል።

ውጤት ← 72 65 88 75

ወደ ግራ የሚያመለክተው ቀስት በቀኝ ያሉት ቁጥሮች «ውጤት» በሚለው ስም ይጠሩ ማለት ነው። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ቁም ነገር ይታያል፤ አራቱ ቁጥሮች እንደ አንድ ነገር ተይዘዋል።

+/ውጤት

ይህ የመደመርን ምልክት በቁጥሮቹ መካከል ሁሉ አግባ ማለት ሲሆን መልሱ 300 ይሆናል። በመደመሪያው ፋንታ ሌላ ምልክት ቢተካ ደንቡ አይለወጥም። ⌈/ውጤት ከሁሉ የሚበልጠውን 88ን፣ ⌊/ውጤት ደግሞ ከሁሉ የሚያንሰውን 65ን ይሰጣል። ⍴ውጤት የቁጥሮቹን ብዛት 4ን ይናገራል። ስለዚህም

(+/ውጤት)÷⍴ውጤት

ማለት ድምሩ ለብዛቱ ሲካፈል ማለት ነው፤ መልሱም አማካዩ 75 ነው።

ሁለተኛው ደንብ አንድ ምልክት ሁለት ንባብ ሊኖረው እንደሚችል ነው። በግራና በቀኝ ቁጥር ካለው አንድ ትርጉም፣ በቀኝ ብቻ ካለው ሌላ ተዛማጅ ትርጉም ይይዛል። 12÷4 መልሱ 3 ሲሆን ÷4 ብቻ ሲጻፍ ግን አንድ ለአራት ማለትም 0.25 ነው። እንዲሁም 3⌈7 ከሁለቱ የሚበልጠውን 7ን ሲሰጥ ⌈3.7 ወደ ላይ ያለውን ሙሉ ቁጥር 4ን ይሰጣል። ይህ ጉዳይ ለአማርኛ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። በፊደላችን «አለ» ተብሎ የተጻፈው ቃል ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው፤ «ገና» ሲላላ የጊዜ ቃል ሲሆን ሲጠብቅ የበዓል ስም ይሆናል። አንባቢው በአካባቢው ካሉት ቃላት ተነሥቶ ሳይቸገር ይለየዋል። በኤ ፒ ኤልም የሚፈለገው ይኸው የንባብ ልማድ ነው።

ሦስተኛውና ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ደንብ የስሌቱ ቅደም ተከተል ነው። በትምህርት ቤት እንደምናስተምረው 3×4+5 መልሱ 17 ነው፤ ማባዛት ከመደመር ይቀድማልና። በኤ ፒ ኤል ግን ምንም የቅድሚያ ደንብ የለም። እያንዳንዱ ምልክት በስተቀኙ ያለውን ሁሉ ይይዛል፤ ስለሆነም መልሱ 3 ጊዜ 9 ማለትም 27 ይሆናል። አይቨርሰን ይህን ያደረገው ምልክቶቹ በርካታ በመሆናቸው ለሁሉም የቅድሚያ ደረጃ ቢወጣ ማንም ሊያስታውሰው ስለማይችል ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ማባዛት ይቀድማል የሚለው የለመድነው ደንብም የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን ሰዎች የተስማሙበት የአጻጻፍ ሥርዓት መሆኑ ነው። ይህ ያልተነገረው ተማሪ ደንቡን እንደ ሒሳብ እውነት አድርጎ ይሸመድደዋል።

ስለ ቅደም ተከተሉ አንድ ተጨማሪ ነገር ማመልከት ይገባል። የሚከተለውን እንመልከት።

+/ውጤት>70

ከቀኝ ስንነሣ 70 አለ፤ ቀጥሎ የመብለጥ ምልክት፣ ቀጥሎ ውጤት፣ በመጨረሻም ድምር። የእያንዳንዱ ተማሪ ውጤት ከ70 ቢበልጥ 1፣ ባይበልጥ 0 ስለሚሆን በመካከሉ የሚገኘው 1 0 1 1 ነው፤ ድምሩም 3 ይሆናል። ይህ በአማርኛ ሲነገር «ከ70 የሚበልጡ ውጤቶች ብዛት» ይባላል። የአማርኛው ቃላት የተደረደሩት ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደውን ስሌት ደረጃ በደረጃ ተከትለው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ይህንኑ ከግራ ጀምሮ በራሱ ቋንቋ ሊያነበው ቢችልም ስሌቱ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር ይቃረንበታል። ባለቤቱንና ተሳቢውን አስቀድሞ ግሱን በመጨረሻ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ተናጋሪ ግን የስሌቱን ጉዞና የንግግሩን ጉዞ አንድ ሆነው ያገኛቸዋል። ስለዚህ «ተገላቢጦሽ ነው» ተብሎ የሚነቀፍ አጻጻፍ ለማን ተገላቢጦሽ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መ. የምልክት ቅርጽና ትርጉም

የኤ ፒ ኤል ምልክቶች በዘፈቀደ የተሣሉ አይደሉም። ⌽ የተባለው ምልክት ክብና ቋሚ መስመር ሲሆን ቁጥሮችን በቋሚው መስመር ዙሪያ ይገለብጣል፤ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ ይሄዳል። ⊖ የተባለው አግድም መስመር ስላለው የሰንጠረዡን የላይኛውን ረድፍ ወደ ታች ይገለብጣል። ⍉ ደግሞ ሰያፍ መስመር ያለው ሲሆን ረድፉን ዓምድ፣ ዓምዱን ረድፍ ያደርጋል። አንዱን በሚገባ ያወቀ ተማሪ ሌሎቹን ለመገመት አያዳግተውም።

ይህ ከፊደላችን አሠራር ጋር የሚቀራረብ ነው። ለ፣ ሉ፣ ሊ ያለ ሕፃን በ፣ ቡ፣ ቢን ሲያይ ቅጥያው የት ላይ እንደሚውል አስቀድሞ ያውቃል። እንደ ረ እና ፈ ያሉት ጥቂት ቤቶች ከደንቡ ወጣ ቢሉም ከሁለት መቶ በላይ የሆኑት ቅርጾች በሕፃን አእምሮ ውስጥ የሚያድሩት በዚህ ሥርዓት ምክንያት ነው። የምልክት ብዛት በራሱ ሸክም አይደለም፤ ሸክም የሚሆነው ሥርዓት የሌለው ብዛት ነው።

አይቨርሰን በ1979 በኮምፒዩተር ሙያ ከፍተኛ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ያደረገው ንግግር በ1980 ታትሟል። የንግግሩ ርእስ ምልክታዊ አጻጻፍ የማሰቢያ መሣሪያ መሆኑን የሚገልጽ ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ ጥሩ አጻጻፍ ሊያሟላቸው የሚገቡ ባሕርያትን ዘርዝሯል፤ ይኸውም በሥራ ላይ የሚነሡ ጉዳዮችን በቀላሉ መግለጽ፣ አንዱን ከሌላው ጋር አዛምዶ አዲስ ሐሳብ ማመልከት፣ ዝርዝሩን ጠቅልሎ መያዝ፣ በጥቂት ምልክቶች ብዙ መሥራትና ለማረጋገጫ አመቺ መሆን ናቸው።

ከምሳሌዎቹ አንዱ መምህራን በሚገባ የሚያውቁት ነው። ⍳5 ከ1 እስከ 5 ያሉትን ቁጥሮች ይሰጣል፤ ⌽⍳5 ደግሞ እነዚያኑ ገልብጦ ያቀርባል።

1 2 3 4 5
5 4 3 2 1

ሁለቱ ረድፎች ሲደመሩ 6 6 6 6 6 ይሆናሉ። አምስት ጊዜ 6 ደግሞ 30 ነው፤ ድምሩ ሁለት ጊዜ ስለተቆጠረ ግማሹ 15 የ+/⍳5 መልስ ነው። በ5 ፋንታ ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ቢገባ ማስረጃው አይለወጥም። ቁጥሩ አንድ ሲጨመርበት በሚገኘው ቁጥር ተባዝቶ ለሁለት ይካፈላል የሚለው ደንብ ከላይ የተሰጠ ቀመር መሆኑ ቀርቶ ተማሪው በዓይኑ የሚያየው ነገር ይሆናል።

አይቨርሰን በዚሁ ንግግሩ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አመልክቷል። አንድን አጻጻፍ መማርና ከአጻጻፉ የሚመነጩትን ውጤቶች መጨበጥ የተለያዩ ናቸው። ሁለት የቁጥር ሠንጠረዦች እንዴት እንደሚባዙ የሚገልጸውን ደንብ በአጭር ጊዜ መማር ይቻላል፤ የደንቡን ባሕርያትና ጥቅም መረዳት ግን ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። ተማሪው በሁለተኛው ሲቸገር ጥፋቱን በመጀመሪያው ላይ የምናላክከው ብዙ ጊዜ ነው።

ሠ. ምልክትና መኪና

አንድ አጻጻፍ በሰሌዳ ላይ ቢያምር በመኪና ላይ ካልተገኘ አይስፋፋም። የ1962ቱ አጻጻፍ ከመስመር በላይና በታች የሚውሉ ትንንሽ ፊደላትንና ደማቅ ጽሕፈትን ይጠቀም ስለነበር በጽሕፈት መኪና ሊጻፍ አይችልም ነበር። ለዚህ መፍትሔ የተገኘው አይ ቢ ኤም በ1961 ካወጣው የጽሕፈት መኪና ነው። ይህ መኪና ፊደላቱ የተቀረጹባት አንዲት ትንሽ ኳስ ነበረችው፤ ኳሷም ልትለወጥ ትችል ነበር። በኳሷ ላይ የሚገኘው ቦታ ግን ለ88 ምልክቶች ብቻ ነበር። በመሆኑም አጻጻፉ በአንድ ቀጥተኛ መስመር እንዲውል ተደረገ፤ ለቀሩት ምልክቶችም አንዱን መትቶ አንድ ቦታ ወደ ኋላ በመመለስ ሌላውን በላዩ ላይ መምታት ተፈለሰፈ። ከላይ የተጠቀሰው ⌽ ክብና መስመር ተደራርበው የተገኘ ነው። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠራ ሰው አንድን ፊደል ለማውጣት ከአንድ ጊዜ በላይ መምታትን ያውቀዋል፤ ችግሩም መፍትሔውም የተቀራረበ ነበር።

ኤ ፒ ኤል በዚህ ሁኔታ በባንኮች፣ በመድን ድርጅቶችና በምርምር ተቋማት ዘንድ ወዳጆች አገኘ። በ1975 አይ ቢ ኤም ያወጣው 5100 የተባለው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር 25 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን ተጠቃሚው ኤ ፒ ኤልን ወይም ቤዚክን በማብሪያ ማጥፊያ የሚመርጥበት ዓይነት ነበረው። አይቨርሰንም ለትምህርት ቤቶች የሚሆኑ የሒሳብ መጻሕፍትን በ1966 እና በ1972 በዚሁ አጻጻፍ አዘጋጅቶ አሳትሟል።

ነገር ግን ኮምፒዩተሮች ለሕዝብ በብዛት መዳረስ ሲጀምሩ የመጡት በ1963 በወጣው የአሜሪካ የፊደል ኮድ ተገዝተው ነው። በዚያ ኮድ ውስጥ የኤ ፒ ኤል ምልክቶች አልነበሩም፤ የማባዛት ምልክት የሆነው × እንኳ አልነበረም። ዛሬም ብዙ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ለማባዛት ኮከብ የሚጠቀሙት ከመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የፊደል እጥረት በወረሱት ልማድ ነው። በአንጻሩ በ1964 ጆን ኬሜኒና ቶማስ ኩርትዝ በዳርትማውዝ ኮሌጅ ለተማሪዎች ያዘጋጁት ቤዚክ የእንግሊዝኛ ቃላትን በመጠቀሙ በማንኛውም መኪና ሊጻፍ ቻለ፤ በየትምህርት ቤቱም ተሠራጨ።

አይቨርሰን በ1990 ከሮጀር ዊ ጋር ጄ የተባለ ሌላ ቋንቋ ሲያወጣ እንግዳ ምልክቶቹን ትቶ በተራ የጽሕፈት ገበታ የሚገኙትን ነጥብና ሁለት ነጥብ ጨምሮ ለመጠቀም የተገደደው በዚህ ምክንያት ነበር። የኤ ፒ ኤል ምልክቶች ዓለም አቀፍ በሆነው የዩኒኮድ የፊደል መዝገብ ውስጥ ቦታ ያገኙት በ1990ዎቹ ነው። የእኛም ፊደል ወደዚያ መዝገብ የገባው በ1999 እንደሆነ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። መኪናው የማያውቀው ጽሕፈት፣ ምንም ያህል በሥርዓት የተሠራ ቢሆን፣ ባለቤቶቹ በተውሶ ፊደል እንዲሠሩ ይገደዳሉ።

ረ. የተሰነዘሩ ትችቶች

ቋንቋው ብርቱ ተቃዋሚዎችም ነበሩት። ኔዘርላንዳዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1975 በጻፋቸው ማስታወሻዎች ኤ ፒ ኤልን ከመነሻው የተሳሳተ ሥራ ነው ሲል አጥብቆ ነቅፎታል። ከወዳጆቹ መካከልም አንድን ረጅም ሥራ በአንዲት መስመር መጻፍን እንደ ጀግንነት የቆጠሩ አልታጡም። እንዲህ ያለው መስመር ለጸሐፊው ደስታ ቢሰጥም ለሌላ አንባቢ እንቆቅልሽ ይሆናል።

ትችቱ ፍሬ አለው። በጥቂት ምልክት ብዙ መናገር ጥቅሙ ሐሳብን በአንድ እይታ ለመያዝ ማስቻሉ ነው፤ አንባቢው ሊይዘው የማይችል ከሆነ ግን አጭርነቱ ከንቱ ነው። ጉድለቱ ግን በምልክቶቹ ሳይሆን በአጠቃቀሙ ላይ ነው። በምልክት ፋንታ የእንግሊዝኛ ቃል መጠቀም ይቀላል የሚለው ክርክርም ለሁሉም ሰው እኩል የሚሠራ አይደለም። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ላልሆነ ልጅ የቤዚክ ቃላትም ትርጉማቸው የማይታወቅ ረጃጅም ምልክቶች ናቸው፤ × እና ÷ን ግን ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃቸዋል።

ምልክቶቹ ሁሉ በእንግድነት አልቀሩም። አይቨርሰን በ1962 መጽሐፉ ወደ ታችና ወደ ላይ ያሉትን ሙሉ ቁጥሮች ለማመልከት ያወጣቸው ⌊ እና ⌈ ዛሬ ኤ ፒ ኤልን ፈጽሞ የማያውቁ የሒሳብ ሊቃውንት በየመጽሐፎቻቸው የሚጠቀሙባቸው ሆነዋል። አይቨርሰን በ2004 በቶሮንቶ ሲያርፍ እነዚህ ሁለት ምልክቶች ፈጣሪያቸው እስከሚዘነጋ ድረስ ተለምደው ነበር። ኤ ፒ ኤል ራሱም እስከ ዛሬ በአነስተኛ ቁጥር ባለሙያዎች እጅ በሥራ ላይ ይገኛል።

ማጠቃለያ፤ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ ታሪክ ለክፍል ውስጥ ሥራ የሚጠቅሙ ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ምልክት ከፍላጎቱ በኋላ መምጣት ይኖርበታል። አይቨርሰን አጻጻፉን ማዘጋጀት የጀመረው ሐሳብን በሰሌዳ ላይ ለማስረዳት ሲቸገር ነበር። ተማሪውም ነገሩን በቃላት ለመጻፍ ሞክሮ ርዝመቱ ካደከመው በኋላ ምልክቱ ቢሰጠው እንደ እፎይታ ይቀበለዋል።

ሁለተኛ፣ ማንበብ ከመጻፍ መቅደም አለበት። በቀድሞው የቤተ ክህነት ትምህርታችን ንባብ ለብቻው በሚገባ ከተጠና በኋላ ጽሕፈት እንደ ሌላ ሙያ ይከተል ነበር። በሒሳብ ግን ተማሪው በቅጡ ማንበብ ያልቻለውን ምልክት በዚያው ቀን እንዲጽፍበትና እንዲያሰላበት ይጠየቃል። አንድን የሒሳብ ዓረፍተ ነገር ድምፅን ከፍ አድርጎ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ማንበብ፣ ከላይ ስለ 70 በተሰጠው ምሳሌ እንደታየው፣ የስሌቱን ቅደም ተከተል ራሱ ሊገልጽ ይችላል። ለዚህም እያንዳንዱ ምልክት በቋንቋው የታወቀ ስም ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ስም የሌለው ምልክት አይነበብምና።

ሦስተኛ፣ ስምምነት የሆነውን ከእውነት መለየት ተገቢ ነው። 3 እና 4 ሲደመሩ 7 መሆናቸው እውነት ነው፤ ማባዛት ከመደመር ይቅደም መባሉ ስምምነት ነው። ተማሪው ይህን ልዩነት ሲረዳ እንግዳ አጻጻፍ ቢያጋጥመው «ይህስ የማን ስምምነት ነው? ደንቡ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይሸሽም።

ዕቅድ አውጪዎችን በሚመለከት ደግሞ የኤ ፒ ኤል ዕጣ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ነው። ለመማሪያ ክፍል ታስቦ የተዘጋጀ አጻጻፍ በብዙ የመማሪያ ክፍሎች ሳይደርስ የቀረው አንድም የጽሕፈት ገበታው ስላልተዘጋጀለት ነው። የትምህርት መሣሪያ ሲመረጥ መሣሪያው የትኞቹን ምልክቶች፣ የትኛውን ፊደልና የትኛውን ቋንቋ እንደሚቀበል አስቀድሞ መጠየቅ ከዋጋውና ከብዛቱ ያላነሰ ጉዳይ ነው። በዩኒኮድ ምክንያት የግዕዝ ፊደልም ሆነ የሒሳብ ምልክት በአንድ ገጽ ላይ ሊጻፍ በሚችልበት በአሁኑ ጊዜ ይህን ዕድል በመማሪያ መጻሕፍትና በኮምፒዩተር ትምህርት ላይ ማዋል የሚቀረው የሰው ሥራ ነው።

እንግድነት ክብደት አይደለም። እንግድነትን ወደ ልማድ የሚለውጡት ሥርዓት ያለው ምልክት፣ ታጋሽ መምህርና ምልክቱን የሚቀበል መሣሪያ ሲሆኑ ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ተማሪው ችሎታው እያለው ደጅ ይቀራል።